በሐይቅ ዳር የነደደ ፍም

ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ተፈጽሞ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። በዚህ ዕለት ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ቅኔንና ትርጓሜ መጻሕፍትን በወጣትነታቸው ዘመን ተምረው ወደ ሐዋሳ ከመጡ ብዙ ጊዜ ከሆናቸው፣ የሰፈሩም ሰው ሁሉ «የኔታ» እያለ ከሚጠራቸው አንድ አረጋዊ መምህር ጋር በጉዱማሌ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። ሌሊቱን የወረደው ዝናም አባርቶ፣ ታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ ቀስ በቀስ እየተገለጠ፣ አባ ኮዳዎቹ የራሰ ክንፋቸውን ለፀሐይ ዘርግተው ቆመው፣ ዓሣ ከሚጠበስበት ስፍራ የከሰል ጢስ በነፋስ እየተነዳ ይደርሰን ነበር። ወደ እርሳቸው ያቀረበኝ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ያን ጥያቄና የሰጡኝን መልስ፣ እንደ እኔ ያለ ሸክም የተጫነው ሌላ ሰው ቢያገኘው ይጠቅመዋል ብዬ፣ ትዝ እንዳለኝ መጠን በምልልስ መልክ ጽፌዋለሁ።

እኔ፦ የኔታ፣ እንኳን ለሐዋርያት በዓል አደረሰዎ።

የኔታ፦ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ። ነገር ግን ፊትህ ጾም የፈታ ሰው ፊት አይመስልም፤ የያዝከውን ነገር አውጣውና እንየው።

እኔ፦ ምን እሸሽግዎታለሁ፣ የኔታ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሰፈራችን ዕድር ዳኛ እንደ ነበርኩ ያውቃሉ። አንድ የማውቀው ነጋዴ ጨንቆት ቢለምነኝ፣ ጉባኤው ሳይወስን፣ ጸሐፊውም ሳያውቅ፣ ገንዘብ ያዡን በወዳጅነት አስፈርሜ፣ «በሁለት ወር ይመለሳል» ብዬ፣ ሕዝቡ በየወሩ እያዋጣ በብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ አበደርኩት። ነጋዴው ከሰረ፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ የአንዲት ጎረቤታችን ባል ቢሞቱ፣ ዕድራችን ለሟች ቤተ ሰብ የሚሰጠውን ሊሰጥ ቀርቶ የተቀደደውን ድንኳን እንኳ ማሳደስ ተስኖት፣ ለቅሶው ከሌላ ሰፈር በተዋስነው ድንኳን ተደረገ። በሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው እንደ ተሰበሰበ ተነሥቼ ያደረግሁትን ሁሉ በገዛ አፌ ተናገርኩ። ከዚያም ወዲያ ከአባቴ የወረስኩትን ቤት ሸጬ፣ የጎደለውንም ከደመወዜ እየቆጠብኩ፣ በአራት ዓመት ከፍዬ ጨረስኩ። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ በለቅሶም ሆነ በሰርግ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር አልፌ ተቀምጬ አላውቅም።

የኔታ፦ ይህን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?

እኔ፦ ባለፈው እሑድ ያሉት ዳኛ «ዕርጅና ተጭኖኛልና አሰናብቱኝ» ቢሉ፣ አባላቱ እኔን መረጡ። ስሜን ያነሡትም እኒያው ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። እኔም «እስከሚመጣው እሑድ ታገሡኝ» ብዬ ወጣሁ። እምቢ ብል ሕዝቡን መናቅ ይሆንብኛል፤ እሺ እንዳልል ደግሞ ያን ጊዜ የፈረመው እጅ ዛሬም ከእኔው ጋር ነው። ወዳጆቼ ሊያጽናኑኝ የቅዱስ ያሬድን ነገር ያነሡልኛል።

የኔታ፦ ያሬድማ፣ የማን ልብ በእርሱ ያልጸና አለ! በአክሱም ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ተግሣጽ ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ግንዱን እየወጣች ስትወድቅ፣ ወድቃም ስትወጣ፣ በመጨረሻም ስትደርስ አይቶ በራሱ አፍሮ ተመለሰ። ያ ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ ነው እንግዲህ ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ ዜማው የተነሣ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ በድምፁ የምታመሰግነው።

እኔ፦ እውነት ነው፤ ግን የኔታ፣ ትሏ በወደቀች ጊዜ ማንንም አልጎዳችም። ያሬድም ትምህርቱ ባይገባው የደሃ አደራ አላጠፋም። እኔ የወደቅሁት በሰው ላይ ነው። ስለዚህ ያሬድን ባነሡልኝ ቁጥር፣ ሰዎቹ ሕመሜን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ሰጡኝ ሆኖ ይሰማኛል።

የኔታ፦ መልካም አድርገህ ለይተሃል። አንዱ ውድቀት የድካም ነው፤ ሁለተኛው ውድቀት የበደል ነው። ለድካም መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ በትዕግሥት የሚጠና ሰው ውሎ አድሮ ይደርሳል። ለበደል ግን ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም፤ እውነትን መናገር፣ ካሣ መክፈል፣ ከዚያም የተበደለው ሰው የሚለውን ቆሞ መስማት ያስፈልጋል። እንግዲያውስ ያሬድን በክብር እዚህ ላይ እናቆየውና ወደ ዛሬው ባለ በዓል ወደ ጴጥሮስ እንሂድ። ይህ ጢስ ይሸትሃል?

እኔ፦ ዓሣ የሚጠበስበት ከሰል አይደለምን?

የኔታ፦ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጽሐፉ በሁለት ቦታ ፍም ያነሣል። የመጀመሪያው በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ሎሌዎቹ ብርድ ስለ ነበረ ያነደዱት ነው፤ ጴጥሮስ በዚያ እየሞቀ ሳለ ጌታውን ካደ። ሁለተኛው ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ጌታ ራሱ ያነደደው ነው፤ በላዩም ዓሣ ነበረ። ልጄ፣ ጴጥሮስ ከታንኳው ዘሎ እየዋኘ ወደ ዳር በወጣ ጊዜ መጀመሪያ ያየው ነገር ፍም መሆኑን አስብ። የከሰል ሽታ ያችን ሌሊት ሳያስታውሰው የሚቀር ይመስልሃል? ጌታ ሊያሳፍረው ቢፈልግ ኖሮ በአሥራ አንዱ ፊት ክህደቱን በቃል ባነሣበት ነበር፤ ሊያድነው ስለ ፈለገ ግን ወደ ቆሰለበት ስፍራ መለሰው፤ በዚያም ቁርስ አበላው።

እኔ፦ ከዚያም ሦስት ጊዜ ጠየቀው።

የኔታ፦ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜ ክዶ ነበርና። አሁን ልብ ብለህ ስማኝ፤ የጥያቄህ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጴጥሮስ ከመውደቁ በፊት ልበ ሙሉ ሰው ነበር። ያ ልበ ሙሉነቱ በሁለት ምሰሶ የቆመ ነበር፤ አንደኛው የገዛ ኃይሉ ነው፤ ሁለተኛው ከባልንጀሮቹ ጋር ራሱን ማስተያየቱ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ቢሰናከሉ እንኳ እርሱ እንደማይሰናከል ተናግሮ ነበርና። ሁለቱም ምሰሶዎች በአንዲት ገረድ ጥያቄ ወደቁ። በባሕሩ ዳር ጌታ በመጀመሪያ የጠየቀው ከእነዚህ ከባልንጀሮችህ ይልቅ ትወደኛለህን ብሎ ነው። ጴጥሮስ ሲመልስ «ከእነዚህ ይልቅ» የሚለውን ነገር ፈጽሞ አላነሣውም፤ ስለ ልቡም ራሱን ምስክር አድርጎ አላቀረበም፤ ሁሉን የሚያውቀውን ጌታውን ምስክር ጠራ እንጂ። የቀድሞው ልበ ሙሉነት ሞቶ፣ ሌላ ልበ ሙሉነት በቦታው እንደ ተወለደ ታያለህን?

እኔ፦ አያለሁ። ግን ያ ሌላው ልበ ሙሉነት ስሙ ምንድን ነው?

የኔታ፦ ወደ ስሙ እንመለሳለን፤ አትቸኩል። አስቀድመን «ጠብቅ» የተባላቸውን በጎች ማን እንደ ሰጠው እንይ። ግልገሎቹንና በጎቹን አደራ የሰጠው የተካደው ራሱ ነው። የትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን በዚህ አደራ ውስጥ መቶ ሃያውን ቤተ ሰብ፣ ይኸውም 12ቱን ሐዋርያት፣ 72ቱን አርድእትና 36ቱን ቅዱሳት አንስት ያያሉ። አስተውል፤ ከእነዚያ ሁሉ መካከል እንደ ጴጥሮስ በግልጽ ቃል አልካደም ሊባል የሚችል ብዙ ሰው ነበረ፤ አደራው ግን በመካዱ ላይ ላለቀሰው ሰው ተሰጠ። ያንተን ስም ያነሡትን እናት ከጌታ ጋር አላስተካክልም፤ ሰው ናቸው። ነገር ግን ያን ቀን ድንኳን ያጡት፣ መርጃ ያጡት እርሳቸው ሆነው ሳለ ስምህን ከጠሩ፣ የርሳቸውን ቃል ከገዛ ፍርሃትህ አሳንሰህ ልትመዝነው አይገባህም።

እኔ፦ የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይቅርታቸው ራሱ ነው የሚያስፈራኝ። ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር። ገንዘቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መልሻለሁ፤ ዕዳዬን ከፍዬ ዝም ብዬ በበሩ አጠገብ ብቀመጥ አይበቃምን?

የኔታ፦ ገንዘብ መመለስማ ይሁዳም መልሷል።

እኔ፦ የኔታ!

የኔታ፦ አትደንግጥ፤ ማቴዎስ የጻፈውን ነው የምነግርህ። በዚያች በአንዲት ሌሊት ሁለት ሐዋርያት ወደቁ። ይሁዳ ተጸጸተ፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ እንደ ሰጠ በካህናቱ ፊት አመነ፤ 30ውን ብርም በቤተ መቅደስ ጣለ። ጸጸት አልጎደለውም፤ ኑዛዜ አልጎደለውም፤ መመለስም አልጎደለውም። የጎደለው ነገር፣ ብሩን ጥሎ ሲወጣ ብቻውን መሄዱ ነው። ሦስት ቀን ቢታገሥ ኖሮ የገዛ ጌታው ከመቃብር ተነሥቶ ባገኘው ነበር። ጴጥሮስ ግን ምርር ብሎ ካለቀሰ በኋላ ከወንድሞቹ አልተለየም፤ በሰንበት ማለዳ ሴቶቹ ከመቃብር ሲመለሱ ከወንድሞቹ መካከል አገኙት። ማርቆስም በጻፈው ወንጌል፣ በመቃብሩ የነበረው መልአክ ለደቀ መዛሙርቱ መልእክት ሲልክ የጴጥሮስን ስም ለብቻው ጠራ፤ ምናልባት «እኔ ከእንግዲህ ከደቀ መዛሙርቱ አልቆጠርም» ብሎ እንዳይቀር ነዋ! እንግዲህ አንተ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምን አደረግህ? ገንዘቡን መለስህ፤ ራስህን ግን ገና አልመለስህም።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ቃል አልወጣኝም። የኔታም ዝምታዬን አላቋረጡም፤ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ሲመለከቱ ቆዩ። አንድ ታንኳ በሸምበቆው ዳር ሲያልፍ ዓሣ አጥማጁ የራሰ መረቡን እየሰበሰበ ነበር። በኋላ፣ ልቤ ትንሽ ሲመለስ፣ የቀረኝን ጥያቄ ቀጠልኩ።

እኔ፦ የኔታ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ኤጲስ ቆጶስ የማይነቀፍ ይሁን ብሎ አዝዟል። እኔ የምነቀፍ ሰው ነኝ።

የኔታ፦ አዝዟል፤ ትእዛዙም የጸና ነው። ስለዚህ የወደቀ ሁሉ ወደ ወንበሩ ይመለስ ብዬ አላስተምርህም። በደሉን እስኪያዝ ድረስ የሸሸገ፣ ከተያዘም በኋላ ስለ ክብሩ እንጂ ስለ ተጎዳው ሰው የማይጨነቅ፣ የበደላቸው ሰዎች ፊቱን ባዩ ቁጥር የሚሸበሩበት፣ እንዲህ ያለው ሰው ይቅርታ ያገኛል፤ ሥልጣን ግን ሊሰጠው አይገባም። ይቅርታና ሹመት ሁለት ነገር ናቸው። ሳኦልንና ዳዊትን ተመልከት። ሳሙኤል ሳኦልን በገሠጸው ጊዜ ሳኦል በደልኩ አለ፤ ወዲያው ግን የለመነው በሽማግሌዎችና በሕዝቡ ፊት እንዲያከብረው ነው። ዳዊት ደግሞ ናታን በምሳሌ ባጋለጠው ጊዜ ስለ ዙፋኑ አንዲት ቃል ሳይናገር በደሉን አመነ፤ ሃምሳኛውን መዝሙር የምንደግመው ሁሉ ያን ልመና ዛሬም በአፋችን እንይዘዋለን። ሁለቱም ነገሥታት ነበሩ፤ ሁለቱም በደልኩ አሉ፤ አንዱ ክብሩ እንዲተርፍለት፣ ሁለተኛው ልቡ እንዲነጻለት ለመነ።

እኔ፦ ዳዊት ይቅር ከተባለ በኋላስ መከራው አልቀረለትም።

የኔታ፦ አልቀረለትም፤ ሕፃኑ ሞተ፤ አቤሴሎምም ተነሣበት። ምሕረት ያገኘ መሪ የዘራውን ማጨዱ አይቀርለትም። አንተም ዳኛ ብትሆን፣ መዝገቡ በተገለጠ ቁጥር አንዳንድ ዓይን ወደ አንተ ይዘነበላል፤ ይህን እንደ በደል ቆጥረህ የምትቀየም ከሆነ ዛሬውኑ እምቢ በል። የተገባ ጥርጣሬ ነው ብለህ በትዕግሥት የምትሸከመው ከሆነ ግን ከማይጠረጠር ሰው ይልቅ ለገንዘቡ ጠባቂ ትሆናለህ።

እኔ፦ ጥርጣሬውማ ከአሁኑ ጀምሯል። በጉባኤው ላይ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሥተው «እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እኔ አልስማማም» አሉ። ሌሎች ጮኹባቸው፤ እኔ ግን በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ።

የኔታ፦ እውነታቸውን ነው፤ እኒያም እናት እውነታቸውን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከሐዋርያት ሥራ ላሳይህ። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ ሳለ፣ በጵንፍልያ ጥሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሌላ ጊዜ ሲወጡ በርናባስ እንደ ገና ይዘነው እንሂድ አለ፤ ጳውሎስ ከሥራ ተለይቶ የተመለሰውን አንወስድም አለ። ክርክሩ በርትቶ ሁለቱ ተለያዩ። ጳውሎስ የተጠነቀቀው ለወንጌል ነው፤ አልበደለም። በርናባስ የራራው ለሰው ነው፤ እርሱም አልበደለም፤ ስሙም የመጽናናት ልጅ ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ጳውሎስ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ለመነ። እንግዲህ ሽማግሌውን አትቀየማቸው፤ ያንተ ጳውሎስ እርሳቸው ናቸው። እኒያ እናት ደግሞ በርናባስህ ናቸው። ማርቆስን ሁለቱም አስፈልገውት ነበር።

እኔ፦ ማርቆስ ያው የእስክንድርያው ማርቆስ ነውን?

የኔታ፦ ያው ነው። አሁን ወደ ራሳችን ቤት ና። በአራተኛው ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አትናቴዎስ የተቀመጠው በማርቆስ መንበር ላይ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ፣ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው እስከ ተሾሙበት ቀን ድረስ፣ ሊቃነ ጳጳሳታችን የተሾሙት ከዚያው መንበር ነው። የተጠመቅህበት ክህነት፣ ዛሬ ጧት የቆምህበት ቅዳሴ፣ ሐረጉን ብትከተለው «ይህ ሰው ጥሎን ስለ ሄደ አይጠቅመንም» ተብሎ ወደ ኋላ ወደ ቀረ አንድ ወጣት ያደርስሃል። በርናባስ ባይኖር ኖሮ ምን በሆንን ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

እኔ፦ ይህን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ግን የኔታ፣ ዳኛ መሆን ገንዘብ መጠበቅ ብቻ አይደለም። መዋጮ ያስቀሩትን፣ በለቅሶ ያልተገኙትን እቀጣለሁ። እኔ ማንን ልቀጣ?

የኔታ፦ በሰኔ 24 የምናስበውን ሙሴ ጸሊምን ታውቀዋለህ። ሽፍታ ነበረ፤ በኋላ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ መነኰሰ፤ ቅስናም ተቀብሎ ለብዙ መነኰሳት አባት ሆነ። አንድ ቀን አበው አንድ የበደለ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ተሰብስበው ቢያስጠሩት እምቢ አለ። ደግመው ቢልኩበት የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ የገዛ ኃጢአቱ በስተኋላው እየፈሰሰ ሳያየው፣ በሌላው ኃጢአት ላይ ሊፈርድ እንደ መጣ አስረዳቸው። ያንን ወንድም ይቅር አሉት። ይህ ማለት ግን ሕግ ይፍረስ ማለት አይደለም፤ አንተም የዕድሩን ደንብ አታፈርስም። መዋጮ ያስቀረውን ስትጠይቅ ግን በቃልህ ውስጥ የሚያፈስ ዕቃ የተሸከመ ሰው ድምፅ ይሰማ። ወድቆ የማያውቅ ዳኛ «ለምን አልከፈልክም» ብሎ ይጠይቃል፤ ወድቆ የተነሣ ዳኛ አስቀድሞ «ምን ገጠመህ» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ቅጣቱን ይጽፉ ይሆናል፤ የተቀጣው ሰው ግን ወደ ጉባኤው የሚመለሰው በሁለተኛው ዳኛ ዘመን ነው።

እኔ፦ ደግሜ ብወድቅስ? ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

የኔታ፦ ጴጥሮስም የበጎች እረኛ ከሆነ በኋላ በአንጾኪያ ተሳስቷል። ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው። ያ የገሠጸው ሰው ከእርሱ በኋላ የተጠራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንንም ያሳድድ የነበረ ነው። ጴጥሮስ ግን በኋላ በመልእክቱ ስለ እርሱ ሲጽፍ የተወደደ ወንድማችን አለው። በባሕሩ ዳር የተነሣው ጴጥሮስ ዳግመኛ የማይሳሳት ሆኖ አልተነሣም፤ ሲሳሳት ተግሣጽን ሊቀበል የሚችል ሆኖ ተነሣ። ስለዚህ ፍርሃትህን ከልብህ አውጥተህ አትጣለው፤ አጥር አድርገው። ገንዘቡ ያለ ሦስት ፊርማ አይውጣ በል። ከፈራሚዎቹ አንዱ ያ ያልተስማሙት ሽማግሌ ይሁኑ። መዝገቡ በየወሩ በጉባኤ ይነበብ። ዘመንህ በሁለት ዓመት ይወሰን። ያን ጊዜ የጣለህ በጎ ፈቃድህ ነው፤ ለነጋዴው ራርተህ ነበርና፤ በጎ ፈቃድ ያለ አጥር የሰው አደራ ይበላል።

እኔ፦ እስከ እሑድስ ምን ላድርግ?

የኔታ፦ የተቀመጥህበትን ስፍራ ጠይቀው። ይህ ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ በየዓመቱ የዘመን መለወጫ በዓሉን ፍቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት ሜዳ ነው፤ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የጻፈው በዓል ነው። አያንቱዎቹ ከዋክብትን አይተው ቀኑን ከወሰኑ በኋላ፣ አዲሱ ዘመን ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ሽማግሎች ነገሩን ሰምተው ይጨርሱታል፤ በቂም ተይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። እኔ ከሌላ አገር መጥቼ እዚህ ስኖር ከዚህ ሕዝብ የተማርኩት አንድ ነገር ይህ ነው፤ አዲስ ዘመን ቀኑ ስለ ደረሰ ብቻ አይገባም፤ የቆየው ነገር ሲፈታ ነው የሚገባው። እንግዲህ ከእሑድ በፊት ሁለት ደጅ ትመታለህ። አስቀድመህ ወደ ሽማግሌው ትሄድና ስለ ተቃወሙህ ታመሰግናቸዋለህ፤ ፊርማቸውንም ትለምናለህ። ከዚያ ወደ እኒያ እናት ትሄዳለህ።

እኔ፦ ለእርሳቸው ምን እላቸዋለሁ? በሠልስቱ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

የኔታ፦ በሁሉ ፊት ጠይቀሃል፤ ለብቻቸው ግን ጠይቀሃል?

እኔ፦ አልጠየቅሁም። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

የኔታ፦ እንግዲያውስ ጴጥሮስ በፍሙ አጠገብ እንደ ተቀመጠ አንተም ሂድና ከቤታቸው ተቀመጥ፤ የሚሉህን ሁሉ ስማ። አሁን ስሙን ያዘገየሁብህን ነገር ልንገርህ። በቋንቋችን «አመነ» የሚለው ግስ ምን ያህል እንደሚሸከም አስተውለህ ታውቃለህ? ሰው በእግዚአብሔር ያምናል፤ ይህ ሃይማኖት ነው። ሰው ጥፋቱን ያምናል፤ ይህ ንስሐ ነው። ሰው ሰውን ያምናል፤ የታመነውም ታማኝ ይባላል፤ ይህ አደራ ነው። አበው እነዚህን ሦስት ነገሮች ከአንድ ግስ ያወጧቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጥፋቱን ያላመነ ሰው ሊታመን አይችልም፤ በእግዚአብሔር ያላመነም ጥፋቱን ለማመን ድፍረት ያጣል፤ ማን ይምረኛል ብሎ! ያ የጠየቅኸኝ አዲስ ልበ ሙሉነት ስሙ ይህ ነው፤ መታመን ነው። የቀድሞው ትምክህት ከራስህ ይወጣ ነበር። ይህኛው ግን ይሰጥሃል፤ ሰጪውም እግዚአብሔርና የበደልከው ሰው ናቸው። ስለዚህ «ራሴን አምነዋለሁ ወይ» ብለህ እስከ ንጋት ብትመረምር መልስ አታገኝም፤ ጥያቄው የተሳሳተ ነውና። ጥያቄው «የታመንሁትን አደራ በአጥሩ ውስጥ ልጠብቅ እወድዳለሁ ወይ» የሚል ነው። እወድዳለሁ ካልክ የቀረውን የሚያውቅ ጌታ ያውቀዋል።

እኔ፦ እወድዳለሁ፣ የኔታ።

የኔታ፦ እንግዲያውስ ተነሥ፤ ዝናም ሳይመለስ ሽማግሌው ቤት ድረስ።

ሽማግሌው ከብዙ ዝምታ በኋላ ለመፈረም ፈቀዱ። እኒያ እናት ቤት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልነገሩኝን የዚያን ነሐሴ ነገር ሁሉ፣ ድንኳን ስንዋስ የተሰማቸውን እፍረት ጭምር፣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩኝ፤ እኔም መልስ ሳልሰጥ ሰማሁ። በመጨረሻ ቡና አፍልተው በእጃቸው ሰጡኝ። በእሑዱ ጉባኤ አጥሮቹን ሁሉ በመዝገብ አስጽፌ፣ ለሁለት ዓመት ተሾምኩ።

አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርህ፣ በሰበካህ ወይም በመሥሪያ ቤትህ በደሉን አምኖ፣ ካሣውን ከፍሎ፣ ዛሬም ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ካለ፣ ሳትጠነቀቅ ሹመው አልልህም፤ በአጥር ውስጥ ግን ስሙን ጥራው፤ ሳይጠራ የሚመለስ ጥቂት ነውና። አንተ ራስህ ያ ሰው ከሆንህ ደግሞ፣ ብሩን ጥለህ ብቻህን አትሂድ፤ ወደ በደልከው ሰው ደጅ ዛሬ ሂድ።